መሪው ነው ወይስ ሾፌሩ?



ሰሞኑን "ቲቸር ጠፉ እኮ" ላላችሁኝ፣ አልጠፋሁም። አንድ ወር ያህል መኪና ሥር ተኝቼ ነው የከረምኩት። ዛሬ እሱን ላውራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ፒካፕ የምትነዱ ትጠቀሙበታላችሁ። የማትነዱም ልጅ ወይም ተማሪ ካላችሁ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም።

እንደምታውቁት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አዳማ አቅራቢያ ባለችን ትንሽ ማሳ ቲማቲምና ሽንኩርት እናለማለን። ለዚሁ ሥራ ብለን ያገለገለች ላንድክሩዘር ፒካፕ ገዛን። ሰባ ዘጠኝ የሚሏት፣ ነጠላ ጋቢና፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ምንም አልተነካካችም። ከፍ አልተደረገችም፣ ባሌስትራ አልተጨመረባትም፣ የጎማዋ ልክም የፋብሪካው ነው። ለገጠር መንገድ ከሷ የተሻለ አላውቅም። ጭቃ ብትሏት ጭቃ፣ ድንጋይ ብትሏት ድንጋይ። እኔ የምነዳት ከቤት ማሳ፣ ከማሳ ቤት ነው። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የምሄድበት ጉዳይም መንገድም የለኝም።

ጭነቱን አዲስ አበባ የምታደርሰው ልጄ ናት። ንጋት ላይ ቲማቲሙን ጭና በፈጣን መንገዱ ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች።

ከጥቂት ወራት በፊት ማማረር ጀመረች።

"አባዬ፣ ይቺ መኪና መስመር አትይዝም። ስመለስ ትዋልልብኛለች።"

እኔ ምን አልኩ? "መሪውን አንቀሽ ስለምትይዢው ነው። ሩቅ እዪ፣ አፍንጫዋ ሥር አትመልከቺ።" ሌላ ቀን ስትደግመው "ስልክሽን ዝጊ" አልኳት። ሦስተኛው ቀን ላይ ያልኩትን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። "በቃ ፈጣን መንገድ ከብዶሻል፣ ሾፌር እንቅጠር" አልኩ። ምንም አልመለሰችልኝም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፉን አልነካችውም።

ልብ በሉ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልጅቷ ደግሞ ያመጣችልኝ የተሟላ መረጃ ነበር። ጠዋት ጭነት ይዛ ስትሄድ መኪናዋ ደህና ናት። ከሰዓት ባዶዋን ስትመለስ ትዋልላለች። ያው ሾፌር፣ ያው መኪና፣ ያው መንገድ። የተለወጠው ጭነቱና ነፋሱ ብቻ ነው። ይህን ተማሪ ቢያመጣልኝ "ጎበዝ! ቀጥል" እለው ነበር። ልጄ ስታመጣው "ስልክሽን ዝጊ" አልኳት።

ሾፌር ሳይገኝ አንድ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ እኔው ራሴ ነድቼ ሄድኩ፣ ባለቤቴም አብራኝ ነበረች። ስንሄድ ጭነት ስለነበረ ምንም አልሆንንም። እንዲያውም በልቤ "አላልኩም!" ብያለሁ። ስንመለስ ሞጆን አልፈን፣ ኮረብታው ላይ ያሉት የአዳማ የነፋስ ተርባይኖች ከሩቅ ሲሽከረከሩ እያየን፣ ወደ 95 እየነዳሁ አንድ ተሳቢ መኪና ለማለፍ ወጣሁ። ከተሳቢው ጎን እያለሁ ነፋሱ ተከልሎልኝ ነበር። ልክ አፍንጫውን እንዳለፍኩ ነፋሱ በጎን ገፋኝ። መሪውን አዞርኩ፣ ምንም የለም። ጨምሬ አዞርኩ፣ ድንገት ያዘና መኪናዋ ተወርውራ ወደ ተሳቢው ዞረች። መለስኩ፣ አሁንም ምንም የለም፣ ከዚያ ደግሞ በዛ። የተሳቢው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋብኝ። ባለቤቴ "የማርያም ያለህ!" ብላ የበሩን እጀታ ጨበጠች።

ሁለታችንም ዝም ብለን ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ "ልጅቷ ስትነግርህ የከረመችው ይሄንን ነው?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

እስቲ የሆነውን በፊዚክስ እንየው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። መሪው ላይ "ባዶ ቦታ" ካለ፣ ማለትም እጃችሁ አዙሮ ጎማው ገና ካልሰማ፣ ግማሽ ሰከንድ ስትዘገዩ 14 ሜትር ሄዳችኋል። ያን ጊዜ መኪናው ከመስመሩ ወጥቷል፣ ስለዚህ ጨምራችሁ ታዞራላችሁ። ባዶው ቦታ ሲያልቅ ጎማው ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ስትመልሱት ያንኑ ባዶ ቦታ በሌላ አቅጣጫ ትሻገራላችሁ። እንዲህ ያለ መኪና የፈለገውን ያህል ጎበዝ ሾፌር ብታስቀምጡበት ከውጭ ለሚያየው ጀማሪ ነው የሚመስለው። በ50 ስትነዱ ይኸው ሁሉ አለ፣ ግን ቀስ ስለምትሉ እጃችሁ ሳታውቁት ያስተካክለዋል። እኔ "ደህና ናት" እል የነበረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥገናው። እዚህም ላይ ሌላ ጥፋት ሠራሁ። ተቻኮልኩ።

የመጀመሪያው ጋራዥ "የመሪው ሾክ ሞቷል" አለኝ። የመሪውን ዘንግ በአግድም የምትይዝ ትንሽ ሾክ አብዞርበር አለች፣ እሷን አዲስ ገዛሁ። በኋላ ከለወጥኩት ዕቃ ሁሉ ድምር በላይ የወጣባት እሷ ናት። ለውጥ? ባዶ። እሷ ሥራዋ ከድንጋይ የሚመጣውን ምትና ንቅናቄ ማብረድ ነው። የላላን ነገር አታጠብቅም።

ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ የመሪው ጥርሶች ያሉበት ሳጥን ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አጠበቀልኝ። አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። መሪው እጄ ላይ ጠጠር ሲል ደስ አለኝ። መንገድ ላይ ስወጣ ግን ባሰባት። ኩርባ ዞሬ መሪውን ስለቀው በራሱ አይመለስም። ያቺ ብሎን ከልክ በላይ ስትጠብቅ ጥርሶቹ መሃል ላይ ይያያዛሉ፣ ስለዚህ መሪው ባቆማችሁበት ይቀራል። ቀጥ ለማለት እያንዳንዷን እርማት በእጃችሁ መሥራት አለባችሁ። ጥርሱም ቶሎ ይበላል። የታመመው ሌላ ቦታ ሆኖ ጤነኛውን አሳመምነው።

በሦስተኛው ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ጋ ሄድኩ። ትንሽ ጋራዥ አለው። ስሙን እንዳልጽፍ አስምሎኛል፣ "ቲቸር፣ ወረፋ ያበዙብኛል" ብሎ። የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር፦

"ቲቸር፣ ነፋሱን ለክተውታል?"

እኔም "እንዴ፣ የዛሬው ነፋስ ኃይለኛ ነው፣ ተርባይኖቹን አታያቸውም?" አልኩት። ሳቀብኝ። "የጎማውን ነፋስ ነው የምለው።"

አልለካሁትም። ሁለት ጋራዥ ዞሬ፣ ገንዘብ አፍስሼ፣ በነፃ የሚለካውን ነገር አልለካሁም።

እሱ ግን ነፋሱን እንኳ ወዲያው አልነካም። ቅድሚያ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በፌሮ እየፈለቀቀ አየና "ልል አለ፣ ግን የሚወልቅ ነገር የለም" አለ። የጎማዎቹንና የመሪ ጉልበቱን ኩሽኔታዎች እየነቀነቀ አየ፣ ደህና ናቸው። ከዚያ ያቺን የጠበቀች ብሎን ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሱ መሪውን መሃል ላይ አድርጎ በልኳ መለሳት። "ሰው የነካውን ወደነበረበት ሳንመልስ የምንለካው ሁሉ ውሸት ነው" አለኝ። ይህን ማን እንዳስተማረው አልጠየቅኩም፣ ኮራሁ ግን።

አሁን መለኪያ ያስፈልገኝ ነበር። መለኪያዬ ደግሞ ልጄ ነበረች፣ መኪናዋን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማታ ሄጄ ለመንኳት።

"ሾፌር ቅጠር አልነበር ያልከው?"

"ነበር።"

"እና?"

"እና እኔም ነዳኋት። ተሳቢ ሥር ልገባ ነበር።"

ትንሽ አየችኝና "እናቴ ነግራኛለች" አለች። ሳቅ ነገር ያዛት፣ ግን አልሳቀችም።

እሁድ ከሰዓት፣ የጭነት መኪና በሚያንስበት ሰዓት፣ በቀኝ መስመር፣ በ70 ነዳች። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ሰዓትና ደብተር ይዤ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሪውን ስንት ጊዜ እንደምታርም ቆጠርኩ። 38። ይህንን በጉልበት ሲሠሩ የዋሉ እጆች ናቸው እኔ "አንቀሽ ትይዣለሽ" ያልኳቸው።

አንደኛው እርማት፣ ነፋሱ። በማግስቱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካን። ጎሚስታው ለቲማቲሙ ጭነት ብሎ ሁሉንም በ60 ፒኤስአይ ሞልቶ ኖሯል። ከፊቶቹ አንዱ ደግሞ ቀንሶ 48 ላይ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ለባዶ መኪና የሚለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ጭነት ሲኖር ክብደቱ ጎማውን ተጭኖ መሬት ያስይዘዋል። ባዶ ስትሆን ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረው ጎማ መሬቱን የሚነካው በመሃሉ ብቻ ነው፣ በየጉብታው ይነጥራል። በሰሌዳው ልክ አደረግነው፣ ሌላ ምንም ሳንነካ ያንኑ መንገድ፣ በያው ሰዓት፣ በያው ፍጥነት ነዳች። 27። ተሻላት እንጂ አልዳነችም።

ሁለተኛው፣ ልልነቱ። ይህኛውን ነው የማልረሳው።

ጎማዎቹ መሬት ላይ እንደሆኑ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ልጄ ጋቢና ውስጥ ተቀመጠች። እኔና ተማሪዬ ካርቶን አንጥፈን ከሥር ተኛን። መሪው ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፈን፣ ጎኑ ማስመሪያ ይዛለች። "ቀስ ብለሽ ወደ ግራ... ወደ ቀኝ... ወደ ግራ..." እያልን ነው። መሪው ይዞራል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ በቤቱ ውስጥ ሲንቀዋለል በዓይኔ አየሁ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የፊት አክሱሉን በአግድም ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ዘንግ አለ። ጫፉ ላይ ያለው የላስቲክ ማቀፊያ፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት፣ ተቀዷል። ስለዚህ እሷ መሪውን ስታዞር ጎማው ከመዞሩ በፊት አክሱሉ ራሱ ወደ ጎን ይሸሻል።

"ስንት አለ?" ብዬ ከሥር ጮህኩ።

"አምስት ከግማሽ ሴንቲ!" አለች።

አምስት ሴንቲ ተኩል። መሪው ያን ያህል ዞሮ ጎማው ገና አልሰማም። ልጄ ይህንን መሪ ይዛ ነው ለወራት በነፋስ ውስጥ ስትነዳ የነበረችው።

እዚያው ጀርባዬ ላይ እንደተኛሁ፣ "ጥፋቱ ያንቺ እጅ አልነበረም" አልኳት። ሞተሩ ስለሚጮህ የሰማችኝ አልመሰለኝም። "ምን አልክ?" አለች። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ተማሪዬም እየሰማ "ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም! ይቅርታ!" አልኩ። ተማሪዬ ፊቱን ወደ ሌላ ብሎን አዞረ። ከላይ ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልመጣም። ከዚያ "ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?" አለች።

የዘንጉ ጫፍና ጎሚኒው ተቀየሩ። ማስመሪያው ላይ ከሁለት ሴንቲ በታች ሆነ። መንገድ ላይ፣ 13።

ሦስተኛው፣ አላይመንት። ይህ መጨረሻ የሚሆንበት ምክንያት አለው። የዘንግ ጫፍ ስትቀይሩ የጎማዎቹ አቅጣጫ ይለወጣል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ብታሠሩት ገንዘባችሁን ጣላችሁ ማለት ነው። ተማሪዬ በማሽን ከመሄዳችን በፊት በሜትር አሳየኝ። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊት በኩል ለካ፣ ከኋላ በኩል ለካ። ከፊት በኩል 5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ማለትም ጎማዎቹ እንደ ዳክዬ እግር ወደ ውጭ ይመለከታሉ። እያንዳንዱ ጎማ ወደራሱ ጎን መሄድ ይፈልጋል፣ መኪናዋም ትንሽ ነገር በነካት ቁጥር አንዱን ትከተላለች። ወደ ውስጥ ትንሽ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እንዲገጥሙ አደረገ፣ ማሽኑም አረጋገጠልን። 9 ሆነ። ዘጠኝ ጊዜ ማረም ለንፋሳም ቀን ደግ ነው።

አላይመንት ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ካስተር የሚጨምር ልዩ ቡሺንግ ሊሸጥልኝ ሞከረ። ካስተር ማለት የፊት ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ ነው። የብስክሌት ሹካ ያለውን ዝንባሌ አስቡት፣ እጃችሁን ለቃችሁ ስትነዱ ቀጥ ብሎ የሚሄድላችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። የኛዋ በሁለቱም ጎን በፋብሪካው ልክ ውስጥ ነበረች። ያ ዕቃ የሚያስፈልገው ከፍ ለተደረገ መኪና ነው፣ አልገዛሁም።

ግን አንድ ነገር አስላሁ። ቲማቲሙ ሲወርድ የኋላዋ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የፊትና የኋላ ጎማዎቿ ርቀት 3.18 ሜትር ነው። 5ን ለ318 ስታካፍሉ ወደ 0.9 ዲግሪ ይመጣል። ባዶ ስትሆን ያን ያህል ካስተር ታጣለች ማለት ነው። አያችሁ? ልጄ "ስሄድ ደህና ናት፣ ስመለስ ትዋልላለች" ያለችው ውስጥ ጎማውም ነበረ፣ ነፋሱም ነበረ፣ ይሄም ነበረ። ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኝ ነበር።

ለፒካፕ ባለቤቶች ባጭሩ፦

1. መዋለልና መጎተት ይለያያሉ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሄድ መኪና ሌላ በሽታ ነው ያለው። የጎማ ነፋስ ልዩነት፣ የያዘ ፍሬን ወይም የመንገዱ ተዳፋት ሊሆን ይችላል።

2. ከነፃው ጀምሩ። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ጭነት ሲወርድም ለባዶው አስተካክሉ።

3. አንድ ሰው መሪውን እያንቀሳቀሰ ሌላው ከሥር ይይ። የላላው ራሱን ያሳያል። የላላ የዘንግ ጫፍ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት፣ መውለቅም ይመጣል።

4. የመሪ ሳጥኑን ብሎን የመጀመሪያ መድኃኒት አታድርጉት።

5. አላይመንት መጨረሻ ነው።

6. አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ነድታችሁ ለኩ።

እውነቱን ለመናገር ይቺ መኪና ኮሮላ አትሆንም። ረጅም ናት፣ ፊቷ ድፍን አክስል ነው፣ የተሠራችው ለድንጋይ ነው። ነፋስ ሲበረታ አሁንም ፍጥነታችንን እንቀንሳለን። ግን አሁን ስታዞሯት ትሰማለች።

ቁልፉ ወደ ልጄ ተመልሷል። ሾፌርም አልቀጠርንም። ይህን ጽሑፍ አስነብቤያት "የስልኩንም ጻፈው" አለችኝ፣ ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ለድሮ ተማሪዎቼ። መኪናዋ ሥር ተኝቼ የመጣብኝ ሐሳብ ነው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ስንቶቻችሁን "አላጠናህም"፣ "ልብሽ እዚህ የለም" ብያችኋለሁ? ስንቶቻችሁ ሳትበሉ መጥታችሁ ነበር? ስንቶቻችሁ ከኋላ ወንበር ሰሌዳው አይታያችሁም ነበር? ስንቶቻችሁ የምላችሁን አማርኛ ገና እየለመዳችሁ ነበር? ነግራችሁኝም ይሆናል፣ በራሳችሁ አነጋገር። እኔ ግን ከሥር ገብቼ አላየሁም። ያኔ ካሳዘንኳችሁ መካከል ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ለልጄ ያልኳትን ለእናንተም እላለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወይም አዳማ ስትመጡ ጎራ በሉ። ቲማቲም አይጠፋም።

መልካም መንገድ።